ከጋዝ ጀምረው ያስተማሩት የእትዬ መስኮት የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሰፈሩ «እትዬ መስኮት»፣ ተማሪዎቻቸው «ቲቸር» ይሏቸው የነበሩት መምህርት፣ ከበረዶ ፋብሪካ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት ከዓሣ ገበያው ጀርባ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ከእርሳቸው ቀጥሎ አንዲት እህት አለቻቸው። ይህን ታሪክ የጻፈችው ብቸኛ ልጃቸው ናት። በሽታው ሳይጠናባቸው በፊት «አታሳምሪኝ። ደግ ነበረች፣ ቅን ነበረች ብቻ ብለሽ ከጻፍሽ ተነሥቼ እመጣለሁ» ብለው አስጠንቅቀዋት ስለነበር፣ ቃላቸውን ለመጠበቅ የተቻላትን አድርጋለች።

አባታቸው ከሥራ ሲመለሱ ከተሰበሩ የበረዶ ብሎኮች የተረፈውን ስባሪ በጆንያ ጠቅልለው ይዘው ይመጡ ነበር። ቤት ሲደርስ ግማሹም አይቀርም። እትዬ መስኮት ገና በልጅነታቸው ጆንያውን እየፈቱ «ሌላውስ የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ አባታቸው «መንገዱ ጠጣው» ይሏቸዋል። ይህ መልስ አላረካቸውም። አንድ ቀን እስከ ፋብሪካው በር ሄደው ጠበቁና፣ ከአባታቸው ኋላ ኋላ እየተከተሉ ከጆንያው የሚወርደውን ጠብታ መሬቱ ላይ እያዩ መጡ። ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ዞር ቢሉ የፊተኞቹ ጠብታዎች ደርቀዋል። አባታቸው «አሁንስ ገባሽ?» ቢሏቸው፣ «አሁን ደግሞ ከመንገዱ ላይ ተነሥቶ የት እንደሄደ አልገባኝም» አሉ። አባታቸው ይህንን እስኪሞቱ ድረስ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

እናታቸው ልጃቸው ስፌት ተምራ ከጎናቸው እንድትቀመጥ ይፈልጉ ነበር። አባታቸው ግን «ይቺ ልጅ ጠያቂ ናት፤ ጠያቂ ሰው ጨርቅ ያበላሽብሻል፤ ትማር» ብለው ተከራከሩላቸው። እርሳቸውም የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አቅራቢያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ተከታትለው ጨረሱ። ከክፍል አንደኛ ወጥተው አያውቁም። መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ መጨመር ስለሚቀናቸው ፈተና አይሆንላቸውም ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገብተው በአንደኛ ደረጃ ሳይንስ መምህርነት ተመረቁ።

የተመደቡበት ትምህርት ቤት ከወፍጮ ቤት ጋር አጥር ይጋራ ነበር። በበጋ የወፍጮው ሞተር፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ የክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ድምፃቸውን ይውጠዋል። «ጆሮ የማያገለግልበት ክፍል ስለደረሰኝ በእጄ ማስተማር ለመድኩ» ይሉ ነበር። ድንጋይ፣ ውኃ፣ ጣሳ፣ ብርጭቆ፣ ፊኛ፣ ከበረዶ ፋብሪካው የተለመነ በረዶ በዘንቢል ይዘው ሲገቡ ያየ የጥበቃ ሠራተኛ «ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ገበያ ሊውሉ ነው?» እያለ ይቀልድባቸዋል።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ሥራ ነው። ለትምህርት የሚሆን አሮጌ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ፍለጋ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሄደው ሳለ፣ ጎማ ሊያስጠግኑ የቆሙ አንድ የሲሚንቶ መኪና ሹፌር «ለምንሽ ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«አየሩን ልመዝነው ነው።»

«አየር ደግሞ ይመዘናል እንዴ?»

እርሳቸውም መልስ ከመስጠት ይልቅ ላስቲኩን ባዶውን፣ ጎሚስታው አሮጌ ጎማ በሚመዝንበት ሚዛን ላይ አኖሩት፤ ከዚያ አስነፍተው መልሰው መዘኑት። የሚዛኑ መርፌ ጥቂት፣ ግን በዓይን በሚታይ መጠን፣ ፈቀቅ አለ። ሹፌሩ ጎንበስ ብለው መርፌውን አዩና «ለካ ይህን ሁሉ ዘመን አየር በነፃ ስጭን ኖሬያለሁ» አሉ። በቀጣዩ ዓመት ተጋቡ፤ እትዬ መስኮት ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላቸውም ልጃቸውን ወለዱ። ባለቤታቸው ከረጅም መንገድ በተመለሱ ቁጥር ከሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ሆነው ክላክስ ያደርጋሉ፤ እርሳቸው ደግሞ በእጃቸው የያዙትን ሁሉ ጥለው ይወጣሉ። ቤቱ ያኔ የሳቅ ቤት ነበር።

በአራተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቁስ አካል ሁነቶች የሚናገር ምዕራፍ አለ። መጀመሪያ ጠጣር፣ ቀጥሎ ፈሳሽ፣ በመጨረሻ ጋዝ ይመጣል። እትዬ መስኮት ከሁሉ የሚወዱት ጋዙን ማስተማር ነበር። የክፍሉን በርና መስኮት ይዘጋሉ፤ ልጆቹን ዓይን ያስጨፍናሉ፤ ከዚያ ከኋላ ጥግ ቆመው የሽቶ ጠርሙስ ይከፍታሉ። ሽታው የደረሰው ልጅ እጁን ያወጣል። እጆች ከኋላ ወንበር ጀምረው እየተነሡ፣ እየተነሡ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር እስከተቀመጡት ይደርሳሉ።

«ዓይናችሁን ግለጡ። ማን አመጣላችሁ? በእግሩ መጣ?»

ልጆቹ ይስቃሉ።

«ጋዝ እንዲህ ነው። አታዩትም፤ ግን ዕቃ ነው፤ ክብደት አለው፤ ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይሞላል። ይሄኛውን ሽታ ስላለው አወቃችሁት። የከሰል ጋዝ ግን ሽታ የለውም። እሱ ሲመጣ እጃችሁን አታወጡም፤ እንቅልፍ ነው የሚመስላችሁ። ስለዚህ ከሰል ባለበት ቤት ምን እናደርጋለን?»

ልጆቹ ተሯሩጠው መስኮቶቹን ይበረግዳሉ። ትምህርቱ በዚሁ ያበቃል።

አሁን የምንጽፈው እርሳቸው እንዳይዘለል ያሉትን ነው።

በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው፣ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ክፍል ሀ የጋዝን ትምህርት ሐሙስ ዕለት ተማረ። የእርሳቸው ልጅ ክፍል ሀ ነበረች። የክፍል ለ ተራ ዓርብ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ወደቀ። ያን ዕለት ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ርእሰ መምህሩ በየክፍሉ እየዞሩ፣ ሥራውን የጨረሰ መምህር ልጆቹን ሊያሰናብት እንደሚችል፣ ያልጨረሰ ደግሞ ከፈለገ ለቀጣዩ ወሰነ ትምህርት ሊያስተላልፈው እንደሚችል ተናገሩ። ያስገደዳቸው ማንም አልነበረም። ባለቤታቸው ያን ዕለት ከሰዓት እንደሚገቡ በሌላ ሹፌር በኩል መልእክት ልከው ነበር፤ ከተያዩም ሰንብተዋል። እትዬ መስኮት ሽቶውን ከቦርሳቸው ሳያወጡ ልጆቹን አሰናበቱ።

በክፍል ለ ውስጥ፣ በየንግግሯ መካከል «ለምን» ስለማይጠፋ ጓደኞቿ «ለምን» እያሉ የሚጠሯት ልጅ ነበረች። የእትዬ መስኮት ልጅ ጓደኛም ነበረች። ሌሎቹ ሮጠው ሲወጡ እሷ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ጋዝ ቀረን እኮ።»

«ስንመለስ።»

«ለምን ዛሬ አይሆንም?»

«ጋዙ የትም አይሄድም፤ ይጠብቅሻል» አሏትና ፀጉሯን ዳበስ አድርገው ወጡ።

የዕረፍቱ ሳምንት ብርዳም ነበር። የለምን እናት በሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ፣ ልጆቻቸውን ያለ አባት የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። በዚያ ሳምንት የማታ ተረኛ ነበሩ። ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ወደ ቤት አስገብተው፣ ነፋስ የሚገባበትን የመስኮት ስንጥቅ በጨርቅ ወትፈው ወደ ሥራ ሄዱ። ማንኛዋም እናት ለልጆቿ የምታደርገው ነበር። ጠዋት ሲመለሱ ለምንና ታናሽ ወንድሟ ተቃቅፈው እንደተኙ አልነቁም።

ወሬው ሲደርስ እትዬ መስኮት ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። የነገረቻቸው የገዛ ልጃቸው ናት። እጃቸው ላይ የነበረውን እርጥብ አንሶላ ወደ ደረታቸው አስጠግተው ቆሙ። «ክፍል ለ» አሉ። አንሶላውን ከእጃቸው የወሰዱት ባለቤታቸው ናቸው።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት ወደ ልጆቹ እናት ቤት ሄዱ። ልጃቸው አብራ ነበረች። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩዋቸው ብድግ አሉ።

«ቲቸር፣ እባክዎ ይቀመጡ። ልጄ ስምዎን ከአፏ አትነጥልም ነበር።»

እትዬ መስኮት አልተቀመጡም።

«ልነግርዎ የመጣሁት ነገር አለ። ስለ ከሰል ጋዝ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ዘንድሮም ለአንደኛው ክፍል አስተምሬያለሁ። የልጅዎ ክፍል ተራ ዓርብ ነበር። ሳላስተምራቸው ለቀቅኳቸው። ልጅዎ ጠይቃኝ ነበር።»

እናትየው ሲመልሱ «እርስዎ» ማለቱን ትተው ነበር።

«ያንቺ ልጅ የትኛው ክፍል ናት?»

«የተማረው።»

«እንግዲያው ያንቺ ልጅ ይህን ታውቃለች።»

«ታውቃለች።»

«ይዘሻት ውጪ። ይቅርታም ፈልገሽ ከሆነ እኔ ጋ የለም። ለራሴም አጥቼዋለሁ።»

እትዬ መስኮት እጅ ነሥተው ወጡ። መንገድ ላይ ልጃቸው እጃቸውን ብትይዛቸው እጃቸው እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር።

ለባለቤታቸውም አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ባለቤታቸው ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲያው እኔም አለሁበት» አሉ። እርሳቸው «አንተማ ወደ ቤትህ ነው የመጣኸው፤ ምን አደረግህ?» ቢሏቸውም ቃሉ ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ባለቤታቸው ከመንገድ ሲመለሱ መታጠፊያው ላይ ክላክስ አድርገው አያውቁም። መኪናቸውን ዝም ብለው ያቆሙና በእግራቸው ይገባሉ። ጥል አልነበረም፤ ክፉ ቃልም አልተሰማም። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ተከባብረው ኖሩ፤ ነገር ግን የአንዱ መምጣት ሌላውን ደስ ማሰኘቱ ቀረ።

በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ሲከፈት እትዬ መስኮት ምዕራፉን ገለበጡት። መጀመሪያ ጋዝ፣ ቀጥሎ ፈሳሽ፣ በመጨረሻ ጠጣር አስተማሩ። በየዓመቱም፣ ትምህርት በተጀመረበት በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ የተማሪዎቻቸውን ስም እንኳ ሳይጠሩ ሽቶውን ይከፍቱ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ መጥተው ተቆጡ።

«መጽሐፉ ከጠጣር ነው የሚጀምረው። ቅደም ተከተሉ የወጣው በባለሙያዎች ነው።»

«ጠጣር ተደብቆ ቤት አይገባም፤ ይቆየናል» አሉ።

«መመሪያ መጣስ ነው ይሄ።»

«ነው። ይጻፉት።»

ሱፐርቫይዘሩም ጻፉት። እትዬ መስኮት ከክፍል ተነሥተው የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍል እንዲጠብቁ ተደረገ። ከተቀደዱ ካርታዎች፣ ከአቧራማ ሉልና ከአንድ የፕላስቲክ አጽም ጋር ሁለት ዓመት ቆዩ። «የሥራ ባልደረባዬ አጥንቱ ብቻ ቢቀርም ከሱፐርቫይዘሩ ይሻላል፤ አይጽፍም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እርሳቸው ግን አብረው አይስቁም። በኋላ የሳይንስ መምህር ሲጠፋ ወደ ክፍል መለሷቸው። እንደገና ከጋዝ ጀመሩ። የሚከራከራቸውም አልተገኘም።

«መስኮት» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ብርድ ሲገባ ከትምህርት ቤት መልስ በየቤቱ እየዞሩ ያንኳኳሉ። የእግዜር ሰላምታ ከማቅረባቸው በፊት «ከሰሉ የት ነው የሚያድረው?» ይላሉ። ቤቱን ገብተው ያያሉ፤ የተወተፈ ስንጥቅ ካገኙ ጨርቁን ይነቅላሉ። አብዛኛው ሰው ይታገሳቸዋል። ሌላው ከሩቅ ሲያያቸው «ደሞ መስኮት መጣች፤ ብርድ ልብስ ደርቡ!» ይላል። አንድ አከራይ «ቤቴን ነፋስ ልታስፈጂው ነው?» ብለው ከነጃንጥላቸው ከግቢ አስወጥተዋቸዋል። በሳምንቱ ተመልሰው እዚያው በር ላይ ቆሙ። ሰውየውም ሰለቻቸውና አስገቧቸው።

ከዓመታት በኋላ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን አስከትለው ቤታቸው መጡ። ሚስትየው ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ራሳቸውን ሲያዞራቸው የእትዬ መስኮት ንግግር ትዝ ብሏቸው፣ እየዳሁ በሩን ከፍተው ልጆቹን አውጥተው ነበር። ዳቦ ጋጋሪው «አምስት ነፍስ ነው ያተረፉልኝ» ብለው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ እትዬ መስኮት አነሷቸው።

«እንኳን እግዜር አተረፋችሁ። ግን በዚያኛው ላይ እንዳትደምሩልኝ። አንዱ ሌላውን አይመልሰውም።»

ዳቦ ጋጋሪው ምኑም አልገባቸውም። እትዬ መስኮት በሩ ድረስ ሸኟቸውና ተመልሰው ሳህን ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ቤታቸው ሁልጊዜ ብርድ ነበር። ልጃቸው የቤት ሥራዋን ካፖርት ለብሳ ትሠራ ነበር። በእንቅልፏ መሐል የነቃች እንደሆነ የእናቷን መዳፍ አፍንጫዋ ሥር ታገኘዋለች፤ ትንፋሿን ሲለኩ ነው። ጤናዋን እንዲህ ይጠብቁ የነበሩ እናት ግን በልጃቸው ደስ ሲላቸው አይታዩም ነበር። ልጃቸው ክፍል በተዛወረች ቁጥር፣ ቁመቷ በጨመረ ቁጥር፣ ያቺኛዋ ልጅ በሐሳባቸው አብራ ታድጋለች። ልጃቸው ከኮሌጅ በተመረቀች ቀን ፎቶ ሲነሡ ፊታቸውን አይታ ያን ሁሉ ዓመት በሆዷ የያዘችውን ጠየቀቻቸው።

«እማዬ፣ እኔ በመትረፌ ታዝኛለሽ?»

እትዬ መስኮት ደነገጡ። ክንዷን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«እኔን ይድፋኝ፤ በመትረፍሽ አይደለም። ያተረፍኩት አንቺን ብቻ በመሆኑ ነው።»

በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸው ፊት አለቀሱ። ፎቶ አንሺው ማሽኑን ዝቅ አድርጎ ጠበቃቸው። ፎቶው ላይ ሁለቱም ዓይናቸው አብጧል፤ እስከ ዛሬም ልጃቸው ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ያው ነው።

ምክትል ርእሰ መምህርነት ሁለት ጊዜ ተሰጥቷቸው አልተቀበሉም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከአራተኛ ክፍል አልተነቃነቁም። ባለቤታቸው ጡረታ ከወጡ ብዙም ሳይቆዩ በስትሮክ ወድቀው ለአንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ ቆዩ። እትዬ መስኮት እያገላበጡ፣ እያጠቡ፣ በማንኪያ እያጎረሱ አስታመሟቸው። መናገር አቅቷቸው ስለነበር በመካከላቸው የቀረውን ነገር ሳይናገሩት አለፉ። ባለቤታቸው ባረፉበት ቀን እትዬ መስኮት «ያን ዓርብ ወደ ቤት በመምጣቱ የተቆጣሁት መስሎት ሄደ» ብለው ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ደረቅ ሳል ጀመራቸው። ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎ መንገድ መሄድ፣ በመጨረሻም ልብስ መልበስ ያደክማቸው ጀመር። ሐኪማቸው የሳንባው ሥጋ እየደደረ መሆኑን፣ የደደረውም እንደማይመለስ ገልጸው ነገሯቸው። እርሳቸው አዳምጠው ሲያበቁ «ሳንባዬ ጠጣር ሆነ በሉኛ፤ እኔ ደግሞ ጠጣርን ነበር ወደ መጨረሻ የገፋሁት» አሉ። ሐኪሙ ይሳቁ አይሳቁ ግራ ገብቷቸው ወደ ልጃቸው ተመለከቱ።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ሲገቡ የተኙበትን ክፍል የሚያጸዱት የለምን እናት ሆነው ተገኙ። ጡረታ ወጥተው በኮንትራት የተመለሱ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ሆነዋል። ሁለቱ ሴቶች በእነዚያ ሁሉ ዓመታት መንገድ ላይ ሲገናኙ እናትየው ወደ ማዶ ይሻገሩ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን መሻገሪያ የለም። በየጠዋቱ ይገባሉ፤ ከአልጋው ሥር ይወለውላሉ፤ ቀና ሳይሉ ይወጣሉ። እትዬ መስኮትም የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ በዓይናቸው ይከተሏቸዋል።

አንድ ጠዋት እናትየው መወልወያውን ባልዲው ላይ አስደግፈው ቆሙ።

«ትንፋሹ ያምሻል?»

«አያምም። ያንሳል እንጂ።»

እናትየው ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ማንም እንደሌለ ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እነሱንስ አሟቸው ይሆን? ሐኪሞቹን ስንት ዓመት ልጠይቅ እያልኩ ፈራሁ። እዚሁ እየዋልኩ እያደርኩ መጠየቅ ፈራሁ።»

እትዬ መስኮት በክርናቸው ተደግፈው ለመቀመጥ ሞከሩ። ልጃቸው ደገፈቻቸው። ለመናገር አየር መሰብሰብ ነበረባቸው።

«ስታገኚያቸው... እንዴት ነበሩ?»

«ተኝተው። እሷ አቅፋዋለች። ብርድ ልብሱ እንኳ አልተገፈፈም።»

«እንግዲያው አላወቁትም። ያ ጋዝ ሽታ የለው፣ አያቃጥል፣ ጉሮሮ አይዝም። የተኛ ሰው ላይ ሲመጣ እንቅልፉን ያከብድበታል እንጂ አይቀሰቅሰውም። አሟቸው ቢሆን ኖሮ ይነቁ ነበር፤ ብርድ ልብሱም ይገፈፍ ነበር። አልፈሩም። አልጠሩሽም። ጠርተውሽ ሳትሰሚ የቀረሽ እንዳይመስልሽ።»

እናትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። በመወልወያ የደረቀ እጃቸውን አንዱን በሌላው እያሹ ቆዩ።

«ጠርተውኝ ይሆናል እያልኩ ነበር» አሉ። «በየቀኑ።»

«አልጠሩሽም።»

ከዚያ ተነሡና ቀሪውን ወለል ወልውለው፣ ባልዲውን ይዘው ወጡ። ይቅርታ የሚል ቃል በመካከላቸው አልተነገረም፤ ልጃቸውም ተነግሮ ነበር ብላ አትጽፍም። እትዬ መስኮት ግን እናትየው ከወጡ በኋላ ትራሳቸው ላይ ጋደም ብለው «ይህን ከመጀመሪያው ቀን ላስተምራት ይገባኝ ነበር» አሉ። ያን ሁሉ ዘመን በየበሩ ሲያንኳኩ ያላንኳኩት አንድ በር የእናትየው በር ብቻ ነበር።

ከሆስፒታል ወጥተው የመጨረሻዎቹን ወራት በልጃቸው ቤት አሳለፉ። መናገር ሲያደክማቸው በእጃቸው ያወሩ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ልጃቸው ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገች ሳለ፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

እትዬ መስኮት የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ታናሽ እህታቸው፣ ልጃቸው፣ አማቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ዛሬ ጎልማሳ ሆነው በዚህ የቆሙ ተማሪዎቻቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ። በሕመማቸው ጊዜ ያልተለዩንን ጎረቤቶች፣ የሕክምና ባለሙያዎችንና የሆስፒታሉን የጽዳት ሠራተኞች ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እርሳቸው ለራሳቸው ብቻ ጸልዩልኝ ብለው አያውቁም። ስለዚህ የእርሳቸውን ነፍስ ስታስቡ የእነዚያን ሁለት ልጆች ነፍስ አብራችሁ እንድታስቡልን እንለምናለን። የፍጥረት ሁሉ ጌታ እናታችንን በምሕረቱ ይቀበላቸው። ሠላሳ ዓመት ያላገኙትን ዕረፍት ይስጣቸው። ለእኛም፣ ያን ጠዋት ከሥራ ተመልሰው በራቸውን ለከፈቱት እናትም፣ መጽናናትን ያድለን። አሜን።